ቁልፍ በቁልፍ ላይ

እ.ኤ.አ. በ1936 ከማይጨው ጦርነት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለእቴጌ መነን በሬዲዮ የላኩትን መልእክት ጣሊያኖች ጠለፉት፤ ማርሻል ባዶሊዮም ስለ ጦርነቱ በጻፈው መጽሐፍ አሳተመው። ከዚያ ወዲህ መልእክቴ ይነበብብኛል የሚለው ስጋት ከፖለቲካችን ተለይቶ አያውቅም። ስጋቱም አንድ ምክር ወልዷል፤ በአንድ ቁልፍ የመሰጠርኸውን በሌላ ቁልፍ ድገመው የሚል።

ምክሩ የሚመስለውን ያህል ብርቱ አይደለም። በፊደል ገበታ እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ቤት ብናሻግር ሀ መ ይሆናል፤ ያንኑ እንደገና አራት ቤት ብናሻግር ሸ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ደከምን እንጂ ጠላት የሚፈታው ሰባት ቤት የተሻገረ አንድ ምስጢር ብቻ ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 ያጸደቀችው ዲ.ኢ.ኤስ. እንዲህ በቀላሉ አይጠቀለልም። ጉድለቱ ቁልፉ 56 ቢት ብቻ መሆኑ ነበር፤ በ1998 ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ ከሦስት ቀን ባነሰ ጊዜ ሰብሮታል። ታዲያ በሁለት ቁልፍ ቢደገም 112 ቢት አይሆንምን? ዲፊና ሄልማን የተባሉት ሊቃውንት ገና በ1977 አይሆንም ብለዋል። አየር ጤና ያለ ባለሱቅ በመዝጊያው ላይ ባለ ሦስት አሃዝ ሁለት የቁጥር ጓጉንቸሮች ቢሰቅል፣ ሌባው የሚሞክረው አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሳይሆን ቢበዛ 2,000 ጊዜ ነው፤ አንዱን ከፍቶ ወደ ሌላው ያልፋልና። ግልጹ ጽሑፍና የተመሰጠረው ግልባጩ በእጁ የገባ ሰውም ከወዲህ ግልጹን በመጀመሪያው ቁልፍ አማራጮች ሁሉ ይመሰጥራል፤ ከወዲያ ምስጢሩን በሁለተኛው አማራጮች ሁሉ ይፈታል፤ ሁለቱ መሐል ላይ የሚገጥሙበትን ይፈልጋል። ሰፊ የማከማቻ ቦታ ይጠይቀዋል እንጂ ድካሙ ከ57 ቢት እምብዛም አያልፍም። ሦስት ቁልፍ እንኳ 168 ሳይሆን 112 ቢት ያህል ጥንካሬ ነው የሚሰጠው።

ይህ ሁሉ ግን ጠላት ከበሩ ውጭ ሲቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በኢሳት ባልደረቦች ኮምፒውተር ላይ የሃኪንግ ቲም የስለላ ፕሮግራም ለመትከል መሞከሩን የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ በ2014 ይፋ አደረገ፤ በ2015 ሾልከው የወጡ የኩባንያው ሰነዶችም ኢንሳ ደንበኛው እንደነበረ አሳዩ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ቁልፍ ለመፍታት አይደክምም፤ ጽሑፉን ገና ሳይቆለፍ ያነበዋል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 በታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ክስ ውስጥ መልእክትን የመጠበቅ ሥልጠና መውሰድ የወንጀል ምልክት ሆኖ ቀረበ። ፍርድ ቤት የቀሩትን ተከሳሾች ከሽብር ክሱ ነጻ ያላቸው በጥቅምት 2015 ነው፤ ወደ አንድ ዓመት ተኩል ከታሰሩ በኋላ።