ከደጅ እስከ ቃለ መጠይቅ

የእህቴ ልጅ ለገንዘብ ያዥነት ተወዳድራ ሐሙስ ቃለ መጠይቅ አለባት። ማክሰኞ ማታ ወንበር ስባ ፊቴ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ እስቲ ጠይቀኝ» አለችኝ። «ስለራስሽ ንገሪን» አልኳት። አንገቷን ደፋች፤ ስሟን ከነአያቷ ጠርታ ዝም አለች።

በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን አንገት መድፋት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ከደጅ የወረስነው ይመስለኛል።

አባቶቻችን ሹመትም ሆነ እንጀራ የሚፈልጉት ደጅ በመጥናት ነበር። ደጅ ጠኚው ከጌታው ግቢ ማልዶ ይደርሳል፤ ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሳል፤ ሲገባም እንደዚሁ። እጅ መንሻና አማላጅ ያለው ቶሎ ይታያል፤ የሌለው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆማል። «ምን ታውቃለህ?» የሚለው የለም፤ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ራስን ማወደስ ነውር፣ ትዕግሥት ደግሞ ራሱ ፈተና ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ መሥሪያ ቤቱ ተለወጠ እንጂ ደጁ አልተዘጋም።

በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ቅጥርን በአንድ ሥርዓት የሚመራ ማዕከላዊ የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ለእኔ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው፤ ሰው በዘሩ ሳይሆን በችሎታው ይመዘን የሚለው ሐሳብ በሕግ ተጻፈ። በደርግ ዘመን ከኮሌጅ የወጣነው ግን በምደባ ነው የሄድነው። ስሜን ከተለጠፈ ዝርዝር ላይ አገኘሁት፤ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ቃለ መጠይቅን መጀመሪያ ያየሁት በጠያቂው ወንበር ተቀምጬ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ተመራቂው ሥራውን ራሱ ይፈልግ ጀመር። አራት ኪሎ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ በኪራይ የሚያነቡ ወጣቶችን ያየ ያውቀዋል፦ ክፍት የሥራ ቦታውን በብጣሽ ወረቀት ይገለብጡ፣ «ዜሮ ዓመት» የሚል ሲገኝ ይጠራሩ ነበር፣ ከዚያ ኦሪጅናልና ኮፒ ይዞ ምዝገባ ነበር።

ከእነዚህ አንዱ የነበረ ልጅ አንድ ቀን ለቃለ መጠይቅ ፊታችን ቀረበ። በጽሑፍ ፈተናው የሚስተካከለው አልነበረም። ስንጠይቀው መሬት መሬት እያየ፣ ሁሉንም «እኛ» እያለ በአጭሩ መለሰ። «በራስ መተማመን ይጎድለዋል» ብዬ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁት። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው። ልጁ ያደረገው እናቱ ያስተማረችውን ነው፤ ትልቅ ሰው ፊት ዓይን አይፈጥም። ያንን ሳልመዝን መፍረዴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለዚህ ነው የእህቴን ልጅ «ደፋር ሁኚ» ያላልኳት። ይልቅ በልምምድ የሠራሽበት ቦታ ሒሳቡ ያልተገጣጠመ ቀን ምን አደረግሽ አልኳት። ቀና አለች። ማታ 175 ብር ጎድሎ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ስትቆጥር፣ ሁለቱ ተጣብቀው እንዳገኘቻቸው በእጇ እያሳየች ነገረችኝ። ያኔ «እኛ» አላለችም። አራት ጊዜ ደጋግመን አስኬድነው።

ልትነሳ ስትል «ካለፍኩ ተያዥ ይጠይቁኛል፤ ማንን እላለሁ?» አለች።

«እኔን በያቸው» አልኳት።