የሞገድ ድምርና የሊቃውንት ክርክር

በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ከተንጣለለው ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከእርሱ ከፍ ባለ ሥፍራ አርዲቦ ሐይቅ ይገኛል። ነፋስ ባልበረታበት ሰዓት ከሁለት ወገን የሚመጡ ትናንሽ ሞገዶች በውሃው ላይ ሲገናኙ ለተመለከተ ሰው አንድ ደንብ ግልጽ ሆኖ ይታየዋል። ሞገዶቹ በተገናኙበት ቦታ የውሃው ከፍታ የሁለቱ ድምር ይሆናል፤ ጫፍ ከጫፍ ሲገጥም ውሃው ይበልጥ ይነሣል፤ ጫፍ ከጎድጓዳ ሲገጥም ይስተካከላል። ከዚያም እያንዳንዱ ሞገድ ምንም እንዳልደረሰበት መንገዱን ይቀጥላል። ሞገዶቹ ትናንሽ እስከሆኑ ድረስ ይህ ደንብ ይሠራል።

መደመሩ እንዲህ ቀላል ነው። ተቃራኒው ጥያቄ ግን የአውሮፓን ሊቃውንት ከሰማንያ ዓመት በላይ አከራክሯል። አንድን የተወሳሰበ ቅርጽ ወደ ሳይን ሞገዶች መበተን ይቻላልን? ቢቻልስ፣ የተገኙት ክፍሎች በነገሩ ውስጥ በእርግጥ ያሉ ናቸው ወይስ በአስሊው ወረቀት ላይ ብቻ? ይህን ታሪክ ለማኅበራችን አባላት ማስታወስ ያስፈለገው፣ ጥያቄው ዛሬም በየሥራችን ስለሚያጋጥመንና በወሎ ምድር ከሰው ሕይወት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው።

ክርክሩ የተነሣው ከሙዚቃ ክር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1747 ፈረንሳዊው ዳላምቤር የተወጠረ ክር እንዴት እንደሚርገበገብ የሚገልጸውን እኩልታ አወጣ። በተከታዩ ዓመት ኦይለር ገብቶ የክሩ መነሻ ቅርጽ በእጅ የተሳለ ማናቸውም መሥመር ሊሆን ይችላል ሲል፣ ዳላምቤር በአንድ ቀመር የማይገለጽ ቅርጽ ከሒሳብ ውጭ ነው ብሎ ተቃወመው። በ1753 ደግሞ ዳንኤል ቤርኑሊ ሦስተኛ አሳብ አቀረበ። እንደ እርሱ አባባል ክር ዋናውን ድምፅና የእርሱን ብዜቶች በአንድነት ያሰማል፤ ስለሆነም ማናቸውም ቅርጽ የሳይን ሞገዶች ድምር ነው።

ይህን አሳብ የእኛ አገር ክራር ደርዳሪ በጆሮው ያውቀዋል። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን ያገኘው አርዲቦ አጠገብ ካለው ከአምባሰል ነው። በአምባሰል ቅኝት የተቃኘ አንድ የክራር ክር መካከሉ ላይ ሲመታና ጫፉ አጠገብ ሲመታ የድምፁ ከፍታ አይለወጥም፤ ጠባዩ ግን ይለወጣል። ምክንያቱም ክሩ የሚመታበት ቦታ ለእያንዳንዱ ብዜት የሚደርሰውን ድርሻ ስለሚወስን ነው። ቤርኑሊ ግን እነዚህን ድርሻዎች የሚያሰላበት መንገድ አላቀረበም። ኦይለርም እያንዳንዱ ሳይን ለስላሳና ተደጋጋሚ ሆኖ ሳለ፣ ድምሩ እንዴት እንደ ተሳበ ክር ስለታም ማዕዘን ሊያበጅ ይችላል ብሎ ሳይቀበለው ቀረ።

ነገሩን እንደገና የቀሰቀሰው ጆሴፍ ፉሪዬ ነው። ፉሪዬ በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ወደ ግብጽ ዘምቶ የካይሮው የሳይንስ ተቋም ጸሐፊ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው። በ1807 ስለ ሙቀት ጉዞ ያዘጋጀውን ጥናት ለፓሪስ ሊቃውንት ሲያቀርብ የእያንዳንዱን ሳይን ድርሻ የሚያሰላበትን ዘዴ ጭምር አመጣ፤ ይሁን እንጂ ከመርማሪዎቹ አንዱ የነበረው ላግራንዥ አሳቡን አልተቀበለም። ፉሪዬ በኋላ ሽልማት ቢያገኝም ማስረጃው ጥብቅነት ይጎድለዋል ከሚል ነቀፌታ ጋር ነበር፤ መጽሐፉም የታተመው በ1822 ነው። ክርክሩ መልክ የያዘው በ1829 ዲሪክሌ ድምሩ በየትኛው ዓይነት ቅርጽ ላይ በትክክል እንደሚደርስ ቅድመ ሁኔታዎቹን በዘረዘረ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «ይቻላል ወይስ አይቻልም» መሆኑ ቀርቶ «በምን ሁኔታ» ሆነ።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን በዚህ አልተዘጋም። የአካባቢያችንን ዝናብ እንውሰድ። በደቡብ ወሎ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል፤ አንዱ በበልግ፣ ሌላውና ዋናው በክረምት ነው። የወሩን አማካይ ዝናብ የሚያሳየውን መሥመር የአሥራ ሁለት ወርና የስድስት ወር ሁለት ሳይኖችን በመደመር በመጠኑ ማስመሰል ይቻላል። ነገር ግን የአሥራ ሁለት ወሩ ሞገድ ክረምት አይደለም፤ የስድስት ወሩም በልግ አይደለም። በልግና ክረምት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የአየር ሁኔታ ውጤቶች ናቸው። ድምሩ እውነተኛውን ቅርጽ ስላስገኘ ብቻ ተደማሪዎቹን መንሥኤ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው።

ይህ ስሕተት ከባድ ዋጋ የሚያስከፍለው ስለ ድርቅ ስንናገር ነው። ድርቅ በየአሥር ዓመቱ ይመጣል የሚል አባባል በአገራችን ተለምዷል። አሁን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንመልከት። ወሎ በ1958፣ በ1966ና በ1977 ዓ.ም. በረሃብ ተጎድታለች። ሦስቱ ዘመናት የሚሰጡን ሁለት ልዩነቶችን ብቻ ነው፤ ስምንትና አሥራ አንድ። ከሁለት ልዩነት ዑደት አይወጣም። ከዚያ በኋላ አገሪቱን ከጎዱት ድርቆች የጎሉት የ1995ና የ2008 ዓ.ም. ድርቆች ሲጨመሩ ደግሞ ልዩነቶቹ አሥራ ስምንትና አሥራ ሦስት ይሆናሉ።

ማናቸውንም የተወሰነ ርዝመት ያለው መዝገብ ወደ ሳይኖች መበተን ምን ጊዜም ይቻላል፤ መበተኑ ግን ዑደት ስለ መኖሩ ምስክር አይሆንም። እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው አርተር ሹስተር በ1898 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እውነተኛውን ዑደት ከአጋጣሚው ለመለየት የሚያስችል መመርመሪያ ያቀረበው በዚህ ምክንያት ነው። በ1927 ደግሞ ሩሲያዊው ስሉትስኪ የሎተሪ ዕጣ ቁጥሮችን ተራ በተራ እየደመረ፣ ዑደት የሚመስል ሞገድ ከፍጹም አጋጣሚ ሊወለድ እንደሚችል አሳየ።

የአሥር ዓመቱን አባባል ያመነ ሹም በሦስተኛው ዓመት ጎተራውን ባዶ ቢተው አይደንቅም፤ በዘጠነኛው ዓመትም ድርቁ የተቆረጠ ቀን ያለው ይመስል ጥፋቱን ሁሉ በሰማይ ላይ ይጥላል። ረሃብ ግን የዝናብ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የእህል ዋጋ፣ የመንገድ እጦት፣ የመንግሥት ዝምታ ይደመሩበታል። ከእነዚህ ተደማሪዎች ብዙዎቹ በሰው እጅ ያሉ ናቸው።

ስለዚህ የሥራ ባልደረባችን የዝናብን፣ የወንዝን ወይም የገበያን መዝገብ በትኖ ሲያቀርብልን ሦስት ነገር ልንጠይቀው ይገባል። መዝገቡ የስንት ዓመት ነው? ከመጀመሪያው ግማሽ የተገኘው ሞገድ በሁለተኛው ግማሽ ላይ ይታያልን? እያንዳንዱ ተደማሪ የሚያመለክተው በምድር ወይም በሰማይ ያለ መንሥኤ ምንድን ነው? መልስ ያላገኘው ተደማሪ በስሌቱ ውስጥ ቢቆይ ጉዳት የለውም፤ የእህል ክምችት ዕቅድ ሊመሠረትበት ግን አይገባም።