ተጣማጆቹ ኔውትሮን ከዋክብት እንዴት እንደ ተገኙ

ሌሊት ወደ ሰማይ ቀና ብለን ስንመለከት በዚያ ያለውን ሁሉ ያየን ይመስለናል። ነገር ግን ዓይናችን ከቶ ሊያያቸው የማይችል ከዋክብት አሉ። ከእነዚህም መካከል ጥንድ ሆነው እርስ በርሳቸው የሚዞሩት የሁለት ኔውትሮን ከዋክብት ታሪክ ለተማሪ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው፥ በዚህ መጽሔት ልናቀርበው ወደድን። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኔውትሮን ኮከብ ማለት አንድ ታላቅ ኮከብ ነዶ ሲያልቅና ሲፈነዳ የሚቀረው እምብርት ነው። ወርዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ መንገደኛ ከጧት እስከ ማታ በእግሩ ሊጨርሰው የሚችል ርቀት ነው፤ ክብደቱ ግን ከፀሐያችን ይበልጣል። እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር እንደሚችል ባዴና ዝዊኪ የተባሉ ሊቃውንት በ1934 ጽፈው ነበር። በ1967 ጆስሊን ቤል የተባለች የኬምብሪጅ ተማሪ ከሰማይ እንደ ልብ ትርታ እየተመላለሰ የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ አገኘች። ይህም የሚሽከረከር ኔውትሮን ኮከብ መሆኑ ታወቀና ፑልሳር ተባለ።

በ1974 ራስል ሃልስ የተባለ የ23 ዓመት ተማሪ ከመምህሩ ከጆሴፍ ቴይለር ጋር ሆኖ በፖርቶ ሪኮ ደሴት በአሬሲቦ በነበረው 305 ሜትር ስፋት ባለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ ፑልሳሮችን ይፈልግ ነበር። በሴኮንድ 17 ጊዜ የሚመታ አንድ ፑልሳር አገኘ። ዳሩ ግን ትርታውን እንደገና ቢለካው ቍጥሩ ከፊተኛው ጋር አልስማማ አለ። በመጀመሪያ ከስሌቱ ስሕተት ያለ መሰለው። ሆኖም ነገሩን አልተወውም፤ ደጋግሞ ለካ። በመጨረሻም ትርታው አንድ ጊዜ እየፈጠነ፥ አንድ ጊዜ እየዘገየ በየ7 ሰዓት ከ45 ደቂቃው ወደ ነበረበት እንደሚመለስ ተረዳ። ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ ትርታው ይፈጥናል፤ ሲርቅ ይዘገያል። እንግዲያውስ ሌላ የማይታይ ኮከብ ይዞት ይዞራል ማለት ነው።

የሁለቱ ክብደት እያንዳንዱ ከፀሐይ 1.4 እጥፍ ያህል ነው። ምሕዋራቸው እንደ እንቍላል የተራዘመ ስለሆነ፥ ሲቀራረቡ በመካከላቸው 750 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፥ ሲራራቁ ከ3 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ዙራቸውም በየዓመቱ ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ እጅ 76 ያህሉን ያጥራል። ምክንያቱም ኃይላቸው በስበት ሞገድ እየባከነ ስለሚቀራረቡ ነው፤ ይህም አይንሽታይን በ1916 ከተናገረው ጋር ተስማማ። ስለዚህ ሃልስና ቴይለር በ1993 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እነዚህ ጥንዶች ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ይጋጫሉ።

የሌሎች ጥንዶች ግጭት ግን ነሐሴ 17 ቀን 2017 ተመዘገበ። መጀመሪያ የስበት ሞገዱ ደረሰ፤ ከ1.7 ሴኮንድ በኋላ ጋማ ጨረር ተከተለ። ቀጥሎ የታየው ብርሃን በጥቂት ቀኖች ውስጥ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ተለወጠ፤ ወርቅን የመሰሉ ከባድ ማዕድናትም እንዲህ ባለ ግጭት እንደሚፈጠሩ አስረዳ።

እኛ ተማሪዎች በቤተ ሙከራ ያገኘነው ቍጥር ከመጽሐፉ ጋር ሳይስማማ ሲቀር፥ ቍጥራችንን ሰርዘን የመጽሐፉን የጻፍንበት ቀን ብዙ ነው። ሃልስ እንዲሁ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ጥንዶቹን ባላገኛቸው ነበር። ከእኛ በኋላ በዚህ ትምህርት ቤት የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች፥ ያልተስማማውን ቍጥር አትፋቁት፤ እንደገና ለኩት።