ሄንሪ ኤቭሪ የት ሞተ?

የባሕር በር የሌላት አገር ጋዜጣ ስለ ባሕር ወንበዴ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ኤቭሪ ግን ትልቁን አደን ያደባው ካሪቢያን ላይ ሳይሆን ደጃችን፣ ባብ ኤል መንደብ ላይ ነው። ዘመኑ ጎንደር ላይ ታላቁ ኢያሱ የነገሡበት፣ እ.ኤ.አ. 1695 ነበር፤ እነሆ ከ330 ዓመት በላይ ሆነው።

አስተዳደጉን በአጭሩ እንለፈው። ከእንግሊዝ ዴቨን የወጣ መርከበኛ ነው። በ1694 ስፔን ወደብ ላይ ደመወዝ የተከለከሉ ባልደረቦቹን አሳምፆ መርከቧን ነጠቀ፤ «ፋንሲ» ብሎም ሰየማት። ወደ ቀይ ባሕር ሲያቀና በዛሬዋ ሶማሌላንድ ጠረፍ የምትገኘውን ማይድን፣ ነዋሪዎቿ አንገበያይም ስላሉት አቃጠላት። የፈረንጅ ጸሐፍት ይህችን በአንድ መስመር ያልፏታል። ለእኛ ለቀንዱ ሰዎች ግን ሰውየውን ለማወቅ እሷ ትበቃናለች።

ፔሪም ደሴት አጠገብ፣ ከሌሎች አምስት የወንበዴ መርከቦች ጋር ሆኖ ከመካ የሚመለሱትን የሕንድ ሐጃጆች ጠበቀ። አብዛኞቹ በሌሊት ሹልክ ብለው አለፉት። አሳዶ ግን የሙጋሉን ንጉሥ የአውራንግዜብን ግዙፍ መርከብ፣ ጋንጅ ኢ ሳዋይን ደረሰባት። የመርከቧ አንድ መድፍ ፈንድቶ የራሷን ሰዎች ፈጀ፤ የኤቭሪ ጥይት ደግሞ ዋናውን ምሰሶ ገነደሰው። ከዚያ በኋላ ለቀናት የሆነው ማሠቃየትና ሴቶችን መድፈር ነው። ኤቭሪን የድሆች ጀግና የሚያደርጉት ተረቶች እዚህ ላይ ዝም ይላሉ።

ክርክሩ አሟሟቱ ላይ ነው። እንግሊዝ ለሚይዘው መጀመሪያ 500፣ ቀጥሎ 1,000 ፓውንድ ወሮታ ቆረጠች። ከሰዎቹ አምስቱ በ1696 መጨረሻ ለንደን ላይ ተሰቀሉ። እሱ ግን ቤንጃሚን ብሪጅማን በሚል የሐሰት ስም አየርላንድ ገብቶ ጠፋ። በ1724 የታተመ አንድ መጽሐፍ፣ ነጋዴዎች አልማዙን አታለው ወስደውበት ለሬሳ ሣጥን የሚሆን እንኳ ሳይተርፈው ሞተ ይላል። ሌላው ወሬ ማዳጋስካር ላይ ያነግሠዋል።

የንግሥናውን ወሬ ማን ያምናል? የድህነቱ ታሪክም ቢሆን ወንበዴ ሲቀጣ ማየት ለሚወድ አንባቢ የተመቸ፣ ከ28 ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ለእኔ የኤቭሪ መርከበኛ የነበረው ጆን ዳን የሰጠው ቃል ይበልጥብኛል። ዳን ከ1,000 ፓውንድ በላይ የሚያወጣ ወርቅ በጃኬቱ ገበር ሰፍቶ ሲጓዝ፣ ያረፈበት ቤት ሠራተኛ አገኘችበትና ተያዘ። በሰጠው ቃል፣ የኤቭሪ ባልደረባ የነበረውን የሄንሪ አዳምስን ሚስት ሴንት አልባንስ ላይ በሠረገላ ስትጓዝ አግኝቷታል። ወደ ብሪጅማን እየሄደች እንደሆነ ነገረችው፤ የት እንዳለ ግን አልነገረችውም። ይህ የተመዘገበው ነገሩ ሳይቀዘቅዝ ነው። ሰውየው ስሙን ለውጦ፣ ጎረቤት ሳያውቀው አርጅቶ የሞተ ይመስለኛል።

ባብ ኤል መንደብ በእኛም ዘመን ሰላም አጥቷል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. የየመን ሁቲዎች መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ፣ ብዙ የጭነት ኩባንያዎች አፍሪካን በደቡብ ዞረው መሄድን መረጡ። የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ ሲወደድ፣ በጂቡቲ የገባውን ዘይት አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ ላይ የሚገዛ ሰው ልዩነቱን ይከፍላል።