ዕፅዋት በዓመት ስንት ካርቦን ይወስዳሉ?

ሰሞኑን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቡና ስንጠጣ፣ «ዕፅዋት ከሚታሰበው በላይ ካርቦን የሚወስዱ ከሆነ የአየር ንብረት ለውጡ ሥጋት ተጋኗል ማለት ነዋ!» አለኝ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። በጥናቱ መሠረት የየብስ ዕፅዋት በብርሃን አስተፃምሮ በዓመት የሚወስዱት ካርቦን፣ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ እንደኖረው 120 ቢሊዮን ቶን ገደማ ሳይሆን 157 ቢሊዮን ቶን ያህል ነው። ባልደረባዬ ቁጥሩን በትክክል ጠቅሷል፤ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው።

ተክል በቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ይወስዳል። ያው ተክል ግን ሌትም ቀንም ስለሚተነፍስ ከወሰደው ግማሽ ያህሉን መልሶ ይለቃል። ከቀረው አብዛኛውን ደግሞ የረገፈውን ቅጠልና የሞተውን ሥር የሚያበሰብሱ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች፣ እንዲሁም እሳት፣ ወደ አየር ይመልሱታል። እኛ ደመወዝተኞች ነገሩ አይጠፋንም፤ 157 ቢሊዮኑ ያልተጣራው ደመወዝ ነው። ችግሩ፣ አየር ውስጥ ገቢውና ወጪው ተደባልቀው ስለሚገኙ የዓለምን ገቢ ብቻ ነጥሎ የሚለካ መሣሪያ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የሚጠቀሱት ቁጥሮች ሁሉ ግምቶች ናቸው።

አንዱ የግምት መንገድ ማማ ነው። ከዛፎቹ አናት በላይ በሚወጣ ማማ ላይ፣ የነፋሱን ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ እንዲሁም የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጠን በሰከንድ አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ይተከላሉ። ማማው የሚያየው የተጣራውን ልውውጥ ነው። ሌሊት ግን ብርሃን ስለሌለ የሚመዘገበው ትንፈሳ ብቻ ይሆናል። ተመራማሪዎች ከዚህ ተነስተው የቀኑን ትንፈሳ ከሙቀቱ ጋር እያዛመዱ ያሰሉና በተጣራው ላይ ይደምሩታል። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ይሁንና ቅጠል በብርሃን የሚተነፍሰው በጨለማ ከሚተነፍሰው ያነሰ በመሆኑ ስሌቱ ይዛባል። ማማዎቹም የሚበዙት በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ሲሆን በአፍሪካ በጣም ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የማማዎቹን መረጃ ለመላው ዓለም አስፍቶ 123 ቢሊዮን ቶን ላይ የደረሰው የታወቀ ጥናትም ከዚህ ችግር ነፃ አልነበረም።

ሌላው መንገድ ሳተላይት ነው። ቅጠሉ የሚቀበለው ብርሃን ይገመትና፣ ብርሃኑ ምን ያህል ወደ ምግብነት እንደሚለወጥ በሚገልጽ ቁጥር ይባዛል። ሐሳቡ የብሪታንያዊው ተመራማሪ የጆን ሞንቲዝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በመጠቀችው የናሳ ቴራ ሳተላይት መረጃ በሰፊው ተሠርቶበታል። ድክመቱ ግልጽ ነው፤ በድርቅ ቀዳዳዎቹን የዘጋ ቅጠል ለጊዜው አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ ቅጠል ከወሰደው ብርሃን አንድ ወይም ሁለት ከመቶ ያህሉን በደብዛዛ ቀይ ብርሃን መልክ መልሶ የሚለቅ መሆኑን በመጠቀም፣ ይህንኑ ፍንጣቂ ከጠፈር መለካት ተችሏል።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ግን የ2024ቱ ዘዴ ነው። ከአየር ሞለኪውሎች ውስጥ ከትሪሊዮን 500 ያህሉ ብቻ የሆነ ካርቦኒል ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ አለ። ቅጠል ይህን ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚገባበት በዚያው ቀዳዳ ያስገባዋል፤ በትንፈሳ ግን አያስወጣውም። ገቢ አለ፣ ወጪ የለም! የኮርኔል ዩኒቨርሲቲና የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን በዚህ ጋዝ ተመርቶ ነው 157 ላይ የደረሰው። ከቀድሞው ግምት ጋር ትልቁ ልዩነት የታየው ደመና ለሳተላይት በሚያስቸግርባቸው የሐሩር ክልል ደኖች ነው።

አሁን ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። የተጣራው ሒሳብ የሚታወቀው በሌላ መንገድ ነው። የሰው ልጅ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ በዓመት 10 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ይለቃል። በአየር ውስጥ የሚከማቸው ሃዋይ በሚገኘው ማውና ሎዋ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ሲለካ ቆይቷል፤ ውቅያኖስ የሚወስደውም ይገመታል። ከዚህ ሁሉ ተሰልቶ ለየብስ ዕፅዋትና አፈር የሚተርፈው 3 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። ገቢው በ37 ቢሊዮን ጨመረ ማለት ወጪውም የዚያኑ ያህል ይበልጣል ማለት እንጂ ተቀማጩ አልተነካም። የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ካርቦን በየብስ ላይ ከሚታሰበው ባነሰ ጊዜ ይቆያል፣ የወደፊቱን የሚተነብዩ ሞዴሎችም ይህን ማካተት አለባቸው።

በነገራችን ላይ አንድ ቶን ካርቦን 3.67 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለቱን የሚያምታቱ ዘገባዎች ብዙ ስለሆኑ ቁጥር ስታዩ የቱ እንደሆነ አረጋግጡ።

በእኛ አገርም ደጋው ይበልጥ የሚለመልመው በክረምት፣ ሳተላይቱ ከደመና ሌላ ብዙ በማያይበት ወቅት ነው። ለካርቦን ሽያጭ ግን የሚፈለገው ተቀማጩ ነው። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት እንዲያገግም ያደረገውና እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር የተመዘገበው ፕሮጀክት ገቢ የሚያገኘው ቅጠሉ በወሰደው ሳይሆን በዛፉ ላይ በቀረው ካርቦን ነው። ይህ ደግሞ በናሙና ቦታዎች የግንድ ውፍረት በሜትር እየተለካ የሚሰላ ነው።