ከገንፎው በኋላ

በማኅበራችን የቁጠባ መዝገብ ውስጥ ሦስት ወር ባዶ የሆነ ገጽ አለ። አጠገቡ በቀይ እስክርቢቶ ቅጣት ተጽፏል፤ በወር 50፣ በድምሩ 150 ብር። የጻፍነው እኛው ነን። አባላችን ወልዳ ነበር። ገንፎዋን በላን፣ እልል አልን፣ የሕፃን ልብስ አደረስን፤ ከዚያ ወዲያ ደጇን የረገጠ የለም። በስድስተኛው ወር ስትመለስ «ልጄን ማቀፍ እፈራ ነበር፤ ለማን ልንገር?» አለችን። በደንባችን መሠረት ቅጣቱ ትክክል ነው፤ ሒሳቡም አልተሳሳተም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ግን ያ ገጽ ነው።

እናቶቻችን የአራስ ድብርት የሚል ስም አልነበራቸውም፤ አራስን ግን ብቻዋን አይተዉም። በኦርቶዶክሱ ቤት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናቲቱ ትታረሳለች፤ ራስጌዋ ብረት ይቀመጣል፣ ከባድ ሥራ አትነካም። በሙስሊሙም ቤት 40 ቀን ይጠበቃል። በኦሮሞው ዘንድ በአምስተኛው ቀን ሸነን አለ፤ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ማርቃ ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይመርቃሉ። ለቅሶዋ ካልቆመ «ምች መታት»፣ «ዐይነ ጥላ ነው»፣ «ዛር ነው» ይባላል፤ ጠበል ወይም አዋቂ ዘንድ ትወሰዳለች። መልካሙን ብቻ ብናወራ ግን ውሸት ይሆናል፤ ታስራ የከረመችም አለች፣ «ልጅ ሰጥቷት ታለቅሳለች» ተብላ የተሰደበችም አለች።

ደግሞ ይህ ሁሉ እናት ቅርብ ስትሆን ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ ብዙ ቤተሰብ መጥቶ ሰፈረ። የሚስቲቱ እናት ያለችው የብዙ ቀን መንገድ ርቃ ነው። ዛሬም ባቱ አበባ እርሻ ላይ የምትሠራ፣ አዳማ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ እንዲሁ ናት። ገንፎው በአንድ ቀን ያልቃል።

ሐኪሞች ነገሩን መጻፍ የጀመሩት ቀደም ብሎ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሉዊ ቪክቶር ማርሴ እ.ኤ.አ. በ1858 ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለ አራሶች የአእምሮ ሕመም መጽሐፍ አሳተመ። የሚበዛው ትኩረት ግን አእምሮዋን በሳተችው ላይ ነበር፤ ዝም ብላ የምታለቅሰዋን ቆጥሮ ያያት ጥቂት ነው። እሷን ለመለየት የሚያገለግለው የኤድንብራ መጠይቅ፣ አሥር ጥያቄዎች ብቻ ያሉት፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በእኛ ከተማ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የሜኖናይት ሚሲዮናውያን የከፈቱት የኃይለማርያም ማሞ ሆስፒታል ድሬሰሮችን አሠልጥኗል፤ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የምንለው ነው። ለአእምሮ ሕመም ግን ለረጅም ዘመን በአገሪቱ የነበረው ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ እዚያ የምትደርሰው የባሰባት ናት።

የአገራችን እናቶች በደንብ የተጠየቁት ቡታጅራ ላይ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ዶክተር ሻርሎት ሃንሎን፣ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን እስከ ወሊድ በኋላ ተከታተሉ። የኤድንብራው መጠይቅ ለገጠሯ እናት አልሠራም፤ ኋላ አዲስ አበባ ሲሞከር ግን ሠራ። ጥያቄ ሲተረጎም ቃሉ ብቻ ሳይሆን ኑሮውም መተርጎም እንዳለበት ያሳያል። ሌላም ነገር ተናገሩ፦ ወጉ ሳይሟላላት የቀረች አራስ ማዘን ብቻ ሳይሆን የተገለለች ይመስላታል። ድሃ ስትሆን ደግሞ ወጉ ራሱ ሸክም ነው። እኛ ገንፎ ብለን የምንስቅበት ነገር ቅቤው ስንት እንደሆነ ገበያ የወጣች ታውቃለች።

ሕክምናው በሁለት መንገድ ሄዷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለዚህ ሕመም ተብሎ የመጀመሪያውን መድኃኒት ፈቀደች፤ በደም ሥር ለ60 ሰዓት ይሰጥ የነበረ፣ ዋጋውም 34,000 ዶላር ገደማ የነበረ። የሒሳብ ሰው ይህን ሲያነብ እስክርቢቶውን ያስቀምጣል። ሁለተኛው መንገድ ከፓኪስታን ነው። የገጠር ጤና ሠራተኞች እናቶችን ቤታቸው እየሄዱ እንዲያነጋግሩ ሠለጠኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ጥናት በስድስተኛው ወር በድብርት ውስጥ የቀሩት 23 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌላው ወገን 53 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አድርጎ አወጣው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላሉን ለእኛ የሚቀርበው ይህ ነው።

ሕጉም ተሻሽሏል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 ከወሊድ በኋላ 60 ቀን የነበረው ፈቃድ በአዋጅ 1156/2011 ወደ 90 ቀን ከፍ ብሏል። የእኛ አባላት አብዛኞቹ ግን ጉሊት ይቸረችራሉ፤ የሚፈርምላቸው አሠሪ የለም። ፈቃድ የሚሰጣቸው ማኅበሩ ካልሆነ ማን ነው?

ስለዚህ ባለፈው ስብሰባ ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ ጨምረናል። አራስ አባል ለአራት ወር አትቀጣም፤ ሁለት ሴቶች በ15ኛውና በ45ኛው ቀን ይጠይቋታል፣ የባጃጁ ከማኅበሩ ነው። ለቅሶና ፍርሃት ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ካለ፣ ቀን ሳይቆጠር ወደ ጤና ጣቢያ አብረናት እንሄዳለን። የዚያች እህታችን 150 ብር ገና አልተመለሰላትም። የገባው በቅጣት ገቢ ስለሆነ ለማውጣት የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ይፈልጋል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይዘናል።