የዊርዴል ፍሎራይት

በሰሜን እንግሊዝ፥ በደርሃም አውራጃ ባለው በዊርዴል ሸለቆ፥ ከጥንት የእርሳስ ማዕድን ጉድጓዶች የሚወጣ፥ ከካልሲየምና ከፍሎሪን የተዋሐደ ማዕድን ነው። እርሳስ ፈላጊዎቹ ለብዙ ዘመን እንደ ውዳቂ ቆጥረው በጉድጓዱ አፍ ሲከምሩት ኖሩ፤ ኋላም ብረት አቅላጮች ለሥራቸው ፈለጉት። ውበቱን ግን ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ቀደም ብለው አስተውለውት ነበርና፥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመረጧቸውን ስባሪዎች መስተዋት በገባበት የእንጨት ሣጥን ደርድረው የቤታቸው ጌጥ ያደርጓቸው ነበር፤ ይህም ከሊቃውንቱ ስብስብ ባላነሰ ሊከበር የሚገባው ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ኅብረ ቀለሙ ነው። በመብራት አረንጓዴ የነበረው ክሪስታል ወደ ፀሐይ ሲያወጡት ውስጡ ሰማያዊ ብርሃን ይመላበታል፤ ለዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ራሱ ብርሃን ይሰጣልና። ይህን የፍሎራይት ጠባይ የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ጋብሪኤል ስቶክስ በ1852 እ.ኤ.አ. መርምሮ ፍሎረሰንስ ብሎታል።

ሁለት ኩቦች እርስ በርስ ተሰካክተው፥ የአንዱ ማእዘን ከሌላው ገጽ ብቅ ያለባቸው መንታ ክሪስታሎች በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ የተወደዱ ናቸው፤ ዝነኞቹም በሸለቆው በፍሮስተርሊ መንደር አጠገብ ካለው፥ ለናሙና ሲባል ከተቆፈረው ከሮጀርሊ ጉድጓድ የወጡት ናቸው። ጥንካሬው በሞስ መለኪያ 4 ስለሆነ ቢላዋ ይጭረዋል፤ አረንጓዴውም በፀሐይ ብዛት ስለሚደበዝዝ በጥላ ይቀመጣል።